ሣር ይዘን የሄድንበት ቤት

ጎባ፣ ሐምሌ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለሠርከአዲስ፤

ሰባ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኝ ሰማንያን ጀምሬአለሁ። እንጨቴን ራሴ እፈልጣለሁ፣ ላሜን ራሴ አልባለሁ፣ እስከ ሚካኤል ያለውን ዳገት ሳላርፍ እወጣለሁ፣ መርፌ ላይ ክር ያለ መነጽር አስገባለሁ። ደብዳቤም ይኸው ራሴ እጽፋለሁ። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ዘመን ጎልምሼ ስለሆነ እጄ ቀስ ይላል እንጂ ማንም አይጽፍልኝም። የከዳኝ ጆሮዬ ብቻ ነው፤ ስለዚህ አትደውዪ።

አንቺስ እንደምን ሰነበትሽ? በሰው አገር ከብርዱም ከሰዉም ቅዱስ ሚካኤል ይከልልሽ። እኛ ደኅና ነን። ክረምቱ ገብቶ ጭቃው ጉልበት ደርሷል።

ነገሬ ይህ ነው። ኢየሩስ የአዳሪውን ፈተና አለፈች። ከሮቤ ወጣ ብሎ ያለውን ትምህርት ቤት ማለቴ ነው፤ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው የተሠራው፤ ስሙ ረጅም ስለሆነ ሰው ሁሉ አዳሪው ይለዋል። ስድስት መቶ ልጅ ፈትነው አርባ ወሰዱ። እሷ አሥራ አንደኛ ናት። ቅጹን ራሴ ሞላሁት። አባት፣ ሚኪያስ ተክለማርያም፣ ሟች። እናት፣ ብድሬ ከተማ ሌላ ባል ያገባች። አሳዳጊ፣ አያት። ጸሐፊዋ «አባባ፣ ልጅቷ ትሙላው፣ ፈጠን ትላለች» አለችኝ። «ተማሪዋ እሷ ናት፣ አስገቢዋ እኔ ነኝ» አልኋት።

በሚካኤል ማኅበር ላይ ተነሥቼ ተናገርሁ። ሰው ሁሉ እልል አለ። ባለቤቴ የሺሃረግ ነፍሷን ይማርና፣ ያን ቀን ብታይልኝ ብዬ አሰብሁ።

የዓመቱ ክፍያ ከአቅሜ በላይ ነው። ጊደሯን ሸጬ ግማሹን እችላለሁ፣ ግማሹን አንቺ ቻዪ። ልመና አይደለም፤ ልጄ ሚኪያስ ቢኖር እሱ ነበር የሚጽፍልሽ። መልሱን በፖስታ ሳጥኔ ላኪ። በስልክ ከሆነ ኢየሩስ ታነበዋለች፤ ልጅ ስለ ገንዘብ ማወቅ የለባትም።

አጎትሽ ተክለማርያም


በርገን፣ ሐምሌ 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ ለጋሼ ተክለማርያም፤

እንደምን ከረሙ? እኔ ደኅና ነኝ፤ ሥራዬም ያው ነው፣ እንደ እርስዎ ያሉ አዛውንቶችን አነሣለሁ፣ አስተኛለሁ። እግዚአብሔር ጉልበትዎን ያቆይልዎ።

ስለ ኢየሩስ ደስ ብሎኛል። ግማሹን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም እችላለሁ። ጊደሯን አይሽጡ።

ግን አንድ ነገር አለ። እዚህ ኦብሴ የምትባል የሮቤ ልጅ አለች፣ ጸጉሬን የምትሠራኝ። አዳሪውን ስነግራት ማበጠሪያዋን አስቀመጠች። የእህቷ ልጅ እዚያ ነበረች፤ በመጋቢት ወላጆቿ አስወጧት። ሌላም አንዲት የሃረና ልጅ በዓመቱ መካከል እንደወጣች፣ ስለ መኝታ ቤቱ ኃላፊም የተናገረችው ነገር እንዳለ ነገረችኝ። ከዚያ በላይ አልተናገረችም፣ እኔም አልገፋሁም።

ጋሼ፣ እባክዎን ሮቤ ሄደው ይጠይቁ። ዳይሬክተሩን አይደለም፣ እናቶችን። ስሙ ትልቅ መሆኑ ለእኔ አይበቃኝም። ትልቅ ስም ያለው ቤት የሚደብቀውም ብዙ ነው። እስኪጠይቁ ገንዘቡን እጄ ላይ አቆየዋለሁ።

ልጅዎ ሠርከአዲስ


ጎባ፣ ነሐሴ 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሠርከአዲስ፤

ጾመ ፍልሰታን በሰላም አስፈጸመን፣ አንቺንም እንዲሁ ያድርግሽ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል።

ወሬ ነው። ሰው ከሞላበት ቤት ወሬ አይጠፋም። የጸጉር ሠሪ ነገር ሰምተሽ ነው ስድስት መቶ ልጅ የተፈተነበትን ቤት የምትጠረጥሪው? ዳኛው ሁለት ልጆቹን እዚያ አስገብቷል። የሆስፒታሉ ሐኪም ልጁን እዚያ አስገብቷል። እነሱ ያላወቁትን ኦብሴ አወቀች? በሩን ብታዪው። ልጆቹ ክራባት አስረው በሰልፍ ሲወጡ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ ያያቸዋል። ከዚያ የወጣ ልጅ ከየት መጣህ አይባልም።

እናቶችን ጠይቅ ስላልሽኝ ደግሞ እናት ባላገኝ አባት ጠየቅሁ። ከቤቴ ፊት ለፊት ሱቅ ያለውን ወዚርን ታስታውሺዋለሽ። የእሱም ልጅ አልፋ ነበር፣ ሠላሳኛ ሆና።

«ኦቦ ተክሌ፣ እኔ ልጄን አላስገባም» አለኝ።

«ገንዘብ አጣህ?»

«ገንዘብስ አለ።»

«ታዲያ?»

«እናቷ አልወደደችውም።»

«እናቷ አዳሪውን የት ታውቀዋለች?»

«ቤቱን አይደለም፤ ሰውዬውን ነው። መኝታ ቤቱን ሲያሳየን ልጅቷን እጇን ይዞ ነው ያዞረን። ሲጨርስም አልለቀቀም።»

ሣቅሁበት። «አንተስ ስኳር ስትሸጥ የሰው እጅ አትጨብጥም?»

«እኔ ስኳሩን ነው የምመዝነው» አለኝ።

ይኸው ነው የሰማሁት። በሚስት ምክንያት ሠላሳኛ የወጣች ልጅ ቤት ቀረች።

አሁን ዋናው። ገንዘቡን አትላኪ። ትምህርት ቤቱ ኢየሩስን ሙሉ በሙሉ በነጻ ተቀብሏታል፤ ምግቧንም፣ ልብሷንም፣ አልጋዋንም። ጊደሯም ተረፈች። ቀደም ብዬ ያልጻፍሁልሽ ከነሐሴ 7 እስከ 9 ለሽምግልና ሮቤ ስለተቀመጥሁ ነው።

አጎትሽ ተክለማርያም


በርገን፣ መስከረም 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ፤

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረዎ። ዓመቱን የጤና ያድርግልዎ።

ደብዳቤዎን አንብቤ ማመን አቃተኝ። በሐምሌ ግማሹን ክፈይ ብለውኝ ነበር። በነሐሴ አንድ ሳንቲም አትላኪ አሉኝ። በመካከሉ ያለው ሦስት ቀን ሽምግልና ነው፣ እሱንም በአንድ መስመር አለፉት። አርባ ልጅ ሲመርጡ ያልሰጡትን ከሽምግልናው በኋላ ለምን ሰጡ?

ይቅር ይበሉኝ፣ ለወዚር ደወልኩለት። መጀመሪያ ስለ ስኳር ዋጋ ነገረኝ። ቀጥሎ ስለ ዝናቡ። ሲቸግረው «እህቴ፣ አጎትሽ በባዳሳና በአዳሪው መካከል ሽማግሌ ሆነው ተቀምጠዋል፤ ከዚህ በላይ ከእኔ አፍ አይወጣም፣ ጎረቤቴ ናቸው» አለኝ።

ባዳሳ የሃረናዋ ልጅ አባት ነው?

ኢየሩስ እስካሁን ካልገባች አያስገቧት። ሁሉን እስካውቅ ብቻ። እለምንዎታለሁ።

ሠርከአዲስ


ጎባ፣ መስከረም 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሠርከአዲስ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። እንደ ወትሮው አልመርቅሽም፣ ተቆጥቻለሁ።

በእኔና በጎረቤቴ መካከል ስልክ የሚያስደውልሽ ምንድን ነው? እኔ በባሌ ምድር አርባ ዓመት ሽማግሌ ሆኜ ተቀምጫለሁ። ከክርስቲያኑም ከእስላሙም፣ ከአማራውም ከኦሮሞውም ተጠርቼ፣ ተቀምጬ ያልፈታሁት ነገር የለም። ከሰው አገር ሆነሽ የምትመረምሪኝ ሰው አይደለሁም። ማወቅ ካማረሽ ግን እነግርሻለሁ፣ የምደብቀው የለኝም።

አዎ፣ የሃረናዋ ልጅ አባት ነው። ልጅቷ ጂቱ ትባላለች፣ ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው። የመኝታ ቤቱ ኃላፊ አስገድዶኛል ብላለች። ባዳሳ የጫካ ቡናውን ሸጦ ሮቤ ወጣ፤ እህቱ ቤት አርፎ ፖሊስ ጣቢያ ሊከስ ነበር። ያን ጊዜ ዳይሬክተሩ ሌላውን ሽማግሌ ኦቦ ረጋሳን ይዞ ቤቴ መጣ። እኔን የፈለጉኝ የባዳሳ አባት ጅሩና እኔ በእንጨት መሰንጠቂያው ዐሥራ ሁለት ዓመት አንድ መጋዝ ስለጎተትን ነው። ዳይሬክተሩ እንዲህ አለ፦ «ሰውዬውን እናባርራለን፣ ካሳም እንሰጣለን፣ ልጅቷንም ሌላ ትምህርት ቤት እናስገባታለን፤ ክስ ከተመሠረተ ግን ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፣ አራት መቶ ልጅ ይበተናል፣ ልጅቷም በየፍርድ ቤቱ ስሟ ይነሣል።» ትክክል መስሎ ታየኝ። አሁንም ትክክል ነው።

እርጥብ ሣር ይዘን ሄድን። ሣር ይዞ ደጁ የቆመን ሽማግሌ በዚህ አገር አይሆንም የሚል ሰው እንደሌለ አንቺም ታውቂያለሽ። ባዳሳ የመጀመሪያውን ቀን ፊቱን አዞረ። ሁለተኛውን ቀን አለቀሰ። ሦስተኛውን ቀን «ኦቦ ተክሌ፣ ሌላ ሰው ቢሆን እምቢ እል ነበር፤ እርስዎ ግን የአባቴ እጅ ነዎት» ብሎ ሣሩን ከእጄ ተቀበለ። አንድ ወይፈን ካሳ ተሰጠው። ለእኛም ለሽማግሌዎቹ ለእያንዳንዳችን አዲስ ጋቢ አለበሱን። መረቅን፣ በልተን ተለያየን።

በሳምንቱ ዳይሬክተሩ ስለ ኢየሩስ ሰምቶ በነጻ ትማር አለ። እኔ አልጠየቅሁትም። ሰው ለሽማግሌ አክብሮት ቢሰጥ ጉቦ ነው?

በሦስቱ ቀን ልጅቷ ጓዳ ነበረች፤ በሽምግልና ልጅ አይጠራም። ማንም ክፉ ቃል አልተናገራትም።

ኢየሩስ መስከረም 13 ገብታለች። ራሴ ነኝ ያደረስኋት።

ተክለማርያም


በርገን፣ ጥቅምት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ተክለማርያም፤

ጤና ይስጥልኝ።

«ጓዳ ነበረች» ብለው የጻፉትን አነበብኩ። እኔም ጓዳ ነበርኩ፣ ጋሼ።

የቀድሞ ባሌ ፍቅረሥላሴ ሁለት ጥርሴን አውልቆ እርስዎ ቤት ስገባ የእሱ ሽማግሌዎች በሦስተኛው ቀን መጡ። የጎድን አጥንቴን የሰበረ ጊዜም መጡ። ያስወረደኝ ጊዜም መጡ። በጓዳው በር ስንጥቅ ሁሉንም አይ ነበር። ሣሩ የመጣው ለእርስዎ ነው፣ የተቀበሉት እርስዎ ነዎት፣ የተመለስኩት ግን እኔ ነኝ። ምን ትያለሽ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። የሺሃረግ ብቻ፣ አፈሩ ይቅለላትና፣ በአራተኛው ጊዜ የአንገት ወርቋን ሸጣ ለመንገዱ ሰጠችኝ። ይህን ዐሥራ ሰባት ዓመት አልተናገርኩም። ዛሬም የጻፍኩት ለኢየሩስ ብዬ ነው።

ጂቱን ማን ጠየቃት?

ሰውዬው ተባሯል ወይስ ተባሯል ተብሎ ተነግሮዎታል? ሄደው በዓይንዎ ይዩ። ካልተባረረ ኢየሩስን በዚያው ቀን ያውጡልኝ። ጎባ ሰባ ልጅ ባለበት ክፍል ትማር። ክራባት ይቅርባት።

ሠርከአዲስ


ጎባ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሠርከአዲስ፤

እንደምን አለሽ? እግዚአብሔር እዚያ በዙሪያሽ ሰው ያቁምልሽ።

ደብዳቤሽ በጥቅምት መጨረሻ ደረሰኝ። አንብቤ ከሣጥኑ ሥር አስቀመጥሁት። አውጥቼ ደግሜ አነበብሁት። ይህን ያህል የቆየሁት ታምሜ አይደለም። የምጽፈው አጥቼ ነው።

ኅዳር 8 እሑድ የመጠየቂያ ቀን ነበር። ዳቦ ይዤ ሄድሁ። በሩ ላይ አንድ አዲስ ጃኬት የለበሰ ሰው ወደ እኔ መጣ፣ ጎንበስ ብሎ ትከሻዬን ሳመ። «አባቴ፣ ውለታዎን አልረሳም» አለኝ። ፊቱን ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም ነበር፤ ለካ ሦስት ቀን ስለ እሱ ስንቀመጥ እሱን አላየነውም። ማን እንደሆነ ዘበኛውን ጠየቅሁ። እሱ ነው።

ዳይሬክተሩ ጋ ገባሁ። «ይባረራል አላላችሁም?» አልሁት።

«ከመኝታ ቤቱ አንሥተን ዕቃ ግምጃ ቤት አድርገነዋል፣ አባቴ። ነገሩ በእርቅ አልቋል አይደል?»

«ግምጃ ቤቱ ምን ይይዛል?»

«ብርድ ልብስ፣ ሳሙና፣ የመሳሰለው።»

«ለማን የሚሰጥ?»

ስልኩ ጠራና አነሣው።

ኢየሩስ አግዳሚ ወንበር ላይ በዘበኛው እጅ የላክሁላትን ዳቦ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣ አገኘኋት። አልቆረሰችውም። ጆሮዬ እንዳይስት ተጠግቼ ተቀመጥሁ።

«ነክቶሻል?» አልኋት። እንዲህ ብዬ ሴት ልጅን ጠይቄ አላውቅም።

«እስካሁን አልነካኝም። ሳሙና ስንቀበል ሦስት ሆነን ነው የምንሄደው። ሁለት ጊዜ ብቻሽን ነይ ብሎኛል፣ አልሄድኩም።»

«ለምን አልነገርሽኝም? ስልክ አለሽ።»

ዳቦውን እያየች «ልጆቹ የሣሩ ልጅ ነው የሚሉኝ፣ አባባ። ብነግርህ ሣር ይዘህ የምትመጣ መሰለኝ» አለች።

ዳቦውን ከጭኗ አነሣሁና «ዕቃሽን አምጪ» አልኋት። ዘበኛው ያለ ወረቀት አላስወጣም አለኝ፤ ፈረምሁለት። በዚያው ቀን ጎባ ገባን። አሁን እዚህ ትማራለች፣ ስድሳ ስምንት ሆነው። ለሰው ሁሉ ትመልሳለች፣ ለእኔ አትመልስም። ስጠራት ግን ትመጣለች።

በሳምንቱ በደሎ መና አውቶቡስ የሳነቴን ተራራ ተሻግሬ ሃረና ወረድሁ። ባዳሳ ደጅ ነበር። «አካም ጅርታ» ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልሁት። መለሰልኝ፣ ግን ግባ አላለኝም። ወይፈኑ ግንድ ላይ ታስሯል።

«አልሸጥኸውም?» አልሁት።

«ማን ይገዛዋል? ከየት እንደመጣ አገር ያውቃል። ላርደው አልኩ፣ ሚስቴ በእኔ ድስት አይገባም አለች።»

«ጂቱ የታለች?»

«ደሎ መና። የአክስቷ ምግብ ቤት ሰሃን ታጥባለች።»

«ሌላ ትምህርት ቤት እናስገባታለን ብለው አልነበር?»

ገብቶ ወረቀት ይዞ ወጣ። ትምህርት ቤቱ የሰጣት መልቀቂያ ነው። እኔ ቀስ ብዬ አነበብሁት፣ እሱ ቆሞ ጠበቀኝ። በሥነ ምግባር ጉድለት ምክንያት የተሰናበተች ይላል። ማኅተም አለው። ይህን ይዛ ሦስት ትምህርት ቤት ሄዳ ሦስቱም መለሷት።

«ክሱን እንደገና እንመሥርት፤ እኔ እመሰክራለሁ» አልሁት።

«ኦቦ ተክሌ፣ ያን ጊዜ ጣቢያው በር ላይ ነበርኩ። ልጄም ልትናገር ተዘጋጅታ ነበር። አሁን እኔን አባቴ አትለኝም። ሂዱና እሷን ጠይቁ፣ እኔ በእሷ ፈንታ ሁለተኛ አልናገርም።»

ውኃ አልጠየቅሁም፣ እሱም አልሰጠኝም። መንገድ ዳር ሦስት ሰዓት ቆሜ መኪና አገኘሁ።

ጎባ ስመለስ ወሬው ቀድሞኝ ነበር። ረጋሳ ቤቴ መጣ። «እርቅ ያፈረሰ ሽማግሌን ከእንግዲህ ማን ይጠራዋል?» አለኝ። «አትጥሩኝ» አልሁት። «ስምህስ?» አለኝ። «ስሜን ተወው፣ ሰውዬው ትከሻዬን ስሞኛል» አልሁት። አልገባውም። ሂድ ብዬ በሩን ከፈትሁለት። ማኅበር ላይ አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ሆኗል፤ ወዚር ብቻ ሱቁ በር ላይ እንደ ድሮው ይቀመጥልኛል።

ገንዘብ አትላኪ፣ የወዚርንም ስልክ አታስጨንቂ፣ ማንንም ለምኚልኝ አላልሁም። ያለብኝን የምከፍለው እኔው ነኝ። ጊደሯን ባለፈው ቅዳሜ ሸጬአለሁ፤ ኢየሩስ አዳሪው ውስጥ በነጻ የበላችበትንና የተኛችበትን የሁለት ወር ሂሳብ ከዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለሁ፣ ደረሰኝ ሳልቀበል አልወጣም። ጋቢውንም እጥፍ አድርጌ አብሬ እመልሳለሁ፤ ሁለት ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ለብሼዋለሁና ታጥቧል። ሮቤ ፖሊስ ጣቢያ ቃሌን እሰጣለሁ፦ ማን እንደጠራን፣ ማን ምን እንዳለ፣ ሣሩን ማን እንደያዘ። ረጋሳ አብሮኝ ካልመጣ ብቻዬን። ያን የመልቀቂያ ወረቀት እስኪለውጡት ድረስ በየሳምንቱ ደጃቸው እቀመጣለሁ፣ ዘበኛው ይለምደኛል። ለባዳሳ ያስጣልሁት ክስ አለብኝ፤ እሱ ባይፈልገውም አለብኝ። ለየሺሃረግ የአንገት ወርቋ አለብኝ፤ ጠፋብኝ ስትለኝ ሌባ ቤቴ ውስጥ አሳደግሽ ብዬ ሦስት ወር ተቆጥቻታለሁ፤ በመቃብሯ ላይ ሄጄ እነግራታለሁ። ላንቺ ወደ ባልሽ የመለስሁሽ ሦስት ጊዜ አለብኝ። በምን እንደሚከፈል አላወቅሁም፣ እስካውቅ ይቅር አትበዪኝ። ለጂቱ ደግሞ ማንም ያልጠየቃት «ምን ትያለሽ?» የሚል ጥያቄ አለብኝ፤ ከነገ ወዲያ ደሎ መና በሚወርደው አውቶቡስ ይዤላት እሄዳለሁ።